ኖራውን ማን ይግዛ?

ስለ ጥንታውያን ከተሞች ሕንፃና ስለ አገር ጐብኚ በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር




ለዛሬው ስብሰባ የተመረጠው አርእስት ቱሪዝምና የጥንታውያን ከተሞች የሕንፃ ጥበብ የሚል ነው። በዚህ አርእስት ላይ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ንግግር ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የምስጋና ንግግር ነው፤ አክሱምን፣ ላሊበላን፣ ጎንደርንና ሐረርን በተራ ጠርቶ፣ አባቶቻችን እንዲህ ሠርተው ነበር ብሎ፣ ተጨብጭቦለት ይቀመጣል። ሁለተኛው የሒሳብ ንግግር ነው፤ ይህን ያህል ጐብኚ ገባ፣ ይህን ያህል የውጭ ምንዛሪ ተገኘ፣ ለሚመጣው ዓመት ደግሞ ይህን ያህል ታቅዷል ይላል። እኛ ሁለቱንም አንነቅፍም። ነገር ግን በሁለቱ መካከል አንዲት ጥያቄ ወድቃ እንደ ቀረች እናያለን፤ እርስዋን አንሥተን በመካከላችሁ ልናኖራት እንወዳለን። ጥያቄዋ ትንሽ ናት፤ ይኸውም ግድግዳው ሲላላጥ ኖራውን ማን ይግዛ? የምትል ናት።

ይህች ጥያቄ ለእንዲህ ያለ ጉባኤ አትመጥንም የሚል ቢኖር፣ ሕንፃ ምን እንደ ሆነ ጥቂት እንዲያስብልን እንለምነዋለን። ሕንፃ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቅ ነገር አይደለም። በድንጋይና በጭቃ የቆመውን ግድግዳ በየክረምቱ ዝናብ ይመታዋል፤ በየበጋው ፀሐይ ይሰነጥቀዋል፤ ምስጥ እንጨቱን ይበላዋል፤ ሣር ከጣራው ላይ ይበቅልበታል። ስለዚህ ሦስት መቶ ዓመት የቆመ ቤት ማለት ሦስት መቶ ክረምት ሙሉ ሲጠገን የኖረ ቤት ማለት ነው። የመጀመሪያውን ግንበኛ እናመሰግናለን፤ ከእርሱ በኋላ በየዘመኑ ጭቃ ረግጠው፣ ኖራ በጥብጠው፣ መሰላል ላይ ወጥተው ቤቱን ለእኛ ያደረሱትን ሰዎች ግን አናነሣቸውም። የአሮጌ ቤት ታሪክ ከሠሪው ይልቅ የጠጋኙ ታሪክ ነው ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

እንግዲህ ጐብኚ ወደ ጥንታዊት ከተማ በመጣ ጊዜ ሦስት ሰዎች ይገናኛሉ። አንዱ ቤቱን የሚያይ ነው፤ ሁለተኛው ከማየቱ የሚያተርፍ ነው፤ ሦስተኛው ቤቱን የሚለስን ነው። ልንል የምንፈልገውም ባጭሩ ይህ ነው፤ ሦስተኛው ሰው ከሁለተኛው ትርፍ ድርሻ ካላገኘ፣ አንደኛው የሚያየው ነገር አይቆይም። ይህን በሦስት ከተሞቻችን እንመርምረው። ዘመናቱን ሁሉ የምንጠራው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

አስቀድመን ግን ጐብኚው እነዚህን ከተሞች በምን ዓይነት ዓይን እንዲያያቸው እንደ ተለመደ እናስታውስ። የአገራችን የቱሪዝም ሥራ በደንብ መልክ የያዘው በ1960ዎቹ ነው። በዚያን ጊዜ በአቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ መሪነት «የ13 ወር ጸጋ» የተባለው መጥሪያ ወጣ፤ ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ ላሊበላንና አክሱምን የሚያገናኘው ታሪካዊ መሥመርም ተለመደ። ይህ በጊዜው ታላቅ ሥራ ነበር፤ መንገድ እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ጐብኚን ከሐውልቱ ሥር ማድረስ ቀላል አልነበረም። ነገር ግን መሥመሩ አንድ ልማድ አስተማረን። ጐብኚው ጠዋት ከአውሮፕላን ይወርዳል፤ ታላቁን ሕንፃ ያያል፤ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ በማግሥቱ ይሄዳል። ከዚህም የተነሣ ጎንደር ማለት ግንቡ፣ ላሊበላ ማለት ቤተ ጊዮርጊስ፣ አክሱም ማለት ሐውልቱ ሆኖ ቀረ። በዙሪያው ያለው ሰፈር፣ በሰፈሩም ውስጥ ያለው ሰው ከፎቶግራፉ ውጭ ሆነ።

አሁን ወደ ጎንደር እንሂድ። ዐፄ ፋሲል በ1636 ከተማቸውን ከቈረቈሩ በኋላ ተከታዮቻቸው እያንዳንዳቸው በበኩላቸው ሕንፃ ጨመሩ። የዐፄ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት፣ የታላቁ ኢያሱ ግንብ፣ የእቴጌ ምንትዋብ ግንብ ሁሉም ዙሪያው 900 ሜትር በሚሆን ቅጥር ውስጥ ይገኛሉ። ፋሲል ግቢ በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። በዛሬው ጥያቄያችን በኩል ሲታይ ጎንደር ቀላሉ ምሳሌ ነው፤ ምክንያቱም የግንቡ ባለቤቶች ነገሥታት ናቸው፣ ነገሥታቱም የሉም። በበሩ ላይ ቲኬት ይቈረጣል፤ ቢፈርስ የሚጠየቀው መንግሥት ነው። ኖራውን ማን ይግዛ ቢባል መልሱ አያከራክርም።

ቢሆንም በዚህ በቀላሉ ምሳሌ እንኳ አንድ ትምህርት እናገኛለን። የኢጣልያ ጦር ከተማውን በያዘበት ዘመን ግንቡ በሲሚንቶና በብረት ተጠገነ፤ በ1941 ደግሞ ጣልያኖቹ ጽሕፈት ቤት አድርገውት ስለ ነበረ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ቦምብ ጣሉበት። በ1970ዎቹ ዩኔስኮ ባካሄደው ጥገና ሲሚንቶው በአብዛኛው ተነሥቶ በቀድሞው በኖራው ተተካ። ምክንያቱ ጌጥ አይደለም። በኖራና በድንጋይ የተሠራ ግድግዳ ውሃ ቢገባበት መልሶ ያወጣዋል፤ ሽማግሌዎች ግድግዳው ይተነፍሳል የሚሉት ይህን ነው። ሲሚንቶ ግን አፉን ይዘጋበታል። ርጥበቱ ውስጥ ታፍኖ ድንጋዩንና ማያያዣውን ይበላዋል፤ ከውጭ አዲስ መስሎ ከውስጥ ይሞታል። ይህን በልባችሁ ያዙልን፤ ሐረር ስንደርስ ይጠቅመናል።

ሁለተኛይቱ ከተማ ላሊበላ ናት። 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት ከአንድ ዐለት ወደ ታች እየተፈለፈሉ የወጡ መሆናቸውን ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። በ1978 ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ላሊበላ ከእነርሱ አንዷ ነበረች። እዚህ ግን ነገሩ ከጎንደር ይለያል። የጎንደር ግንብ ንጉሡ የወጣበት ቤት ነው፤ የላሊበላ ዐለት ግን ዛሬም ቅዳሴ የሚቀደስበት፣ ማሕሌት የሚቆምበት ቤት ነው። ባለቤቱ አለ፤ ባለቤቱም ምእመኑ ነው።

የዚህ ምእመን ሰፈር በራሱ የሚታይ የሕንፃ ጥበብ ነበረው። ከቀዩ ድንጋይ የተገነቡ፣ ክብ፣ ባለ ሁለት ፎቅ፣ የሣር ክዳን ያላቸው ቤቶች በአብያተ ክርስቲያናቱ አጠገብ ተሰባስበው ይገኙ ነበር። ከ2010 ወዲህ ባሉት ዓመታት በዓለም ባንክ ብድር በተደገፈው የቱሪዝም ልማት ፕሮጀክት ከአብያተ ክርስቲያናቱ አቅራቢያ ብዙ ቤተሰቦች ተነሥተው ከከተማው ወጣ ብሎ በተሰጣቸው ቦታ እንዲሰፍሩ ተደረገ። የቀረበው ምክንያት ከንቱ አልነበረም፤ የሰፈሩ ፍሳሽ ወደ ዐለቱ ይሰርጋል፣ መጸዳጃ የለም፣ ቤቱ ተጨናንቋል ተብሎ ነው። ይህን አንክድም። የምንጠይቀው ሌላ ነው። ፍሳሹን በቦይ ማውጣት ወይስ ሰውን ማውጣት ይቀድም ነበር? በሌሊት ለማሕሌት የሚነሣው ደብተራ፣ ለሰዓታት የሚሮጠው ዲያቆን፣ በማለዳ ደጅ የምትስመው አሮጊት ከዐለቱ በራቁ ቍጥር ዐለቱን በዓይኑ የሚጠብቀው ሰው ይቀንሳል። የመጀመሪያውን ስንጥቅ የሚያየው ከባሕር ማዶ የሚመጣው ሊቅ አይደለም፤ በየቀኑ የሚያልፍበት ጎረቤት ነው።

ለዚህ ማስረጃ ሩቅ መሄድ አያሻንም። በ2008 በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ከአንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት በላይ ከዝናብ የሚከልሉ ትላልቅ መጠለያዎች በብረት ምሰሶ ላይ ቆሙ። መጠለያዎቹ ለጊዜው የታሰቡ ነበሩ፤ ጊዜው ግን እየረዘመ ሄደ። ምሰሶው ቢወድቅ፣ ክብደቱ ዐለቱን ቢጐዳ ምን ይሆናል ብሎ በ2018 አደባባይ ወጥቶ የጮኸው የከተማው ሕዝብ ነበር። ጩኸቱ ጐብኚው ይቀርብናል ብሎ ብቻ አልነበረም፤ ቤታችን ይፈርሳል ብሎም ነበር። ጐብኚ ቅር ቢለው በሚመጣው ዓመት ሌላ አገር ይሄዳል፤ ጎረቤት ግን ሌላ ላሊበላ የለውም።

ከዚያም የፈተናው ዘመን መጣ። በ2020 ወረርሽኙ የጐብኚውን መንገድ ዘጋ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ በሰሜን ጦርነት ተነሣ፤ በ2021 ከተማዋ ራስዋ በጦርነቱ ውስጥ ወደቀች፤ ከ2023 ነሐሴ ወዲህም በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት መንገዱን እንደ ገና አስጨነቀው። ሆቴሎች ባዶ ቀሩ፤ አስጐብኚዎች ሥራ ፈቱ፤ በብድር ቤት የሠሩ ሰዎች ተጨነቁ። ቅዳሴው ግን አልቀረም። በገና ሌሊት ቤዛ ኵሉ ሲባል ነጭ ለብሶ የሚቆመው ሕዝብ የውጭ ምንዛሪ ይዞ የመጣ አይደለም፤ ስንቁን በአገልግል ይዞ፣ ብዙውም በእግሩ ተጕዞ የመጣ ነው። ከዚህ የምንረዳው ነገር ግልጽ ነው። ጐብኚ በአንድ ጀንበር ሊቀር ይችላል። ሕንፃን በጐብኚ ላይ ብቻ ያቆመ ሰው ያለ መሠረት የገነባ ሰው ነው።

ሦስተኛይቱና የንግግራችን ዋና ነገር የሆነችው ከተማ ሐረር ናት። ሐረር ከሁለቱ የምትለየው በዚህ ነው፤ በጎንደር የሚታየው ቤተ መንግሥት፣ በላሊበላ የሚታየው ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ በሐረር ግን የሚታየው ሰው የሚኖርበት ቤት ነው። ጁገል የተባለው ግንብ 48 ሄክታር የሚሆን ቦታ ይከባል። 5ቱ የጥንት በሮች ዛሬም አሉ። በውስጡ 82 መስጊዶችና 102 የወሊዮች የዚያራ ቦታዎች ተቈጥረዋል። በ2006 ዩኔስኮ ከተማዋን ሲመዘግብ ግን ከዚህ ሁሉ አብልጦ ያደነቀው የመኖሪያ ቤቶቹን የውስጥ አሠራር ነው።

ጌይ ጋር የሚባለውን የሐረሪ ቤት ያላየ ቢኖር ባጭሩ እንግለጽለት። ከውጭ ሲታይ ከጠባቡ መንገድ ዳር የቆመ አጥርና የተዘጋ በር ብቻ ነው። በሩ ሲከፈት ግቢ አለ፤ ከግቢው ወደ ዋናው ክፍል ሲገባ ወለሉ በቀይ አፈር ተቀብቶ ይታያል። ከወለሉ ከፍ ከፍ ብለው የተሠሩ፣ ነደባ የሚባሉ መደቦች አሉ፤ ቍመታቸው እኩል አይደለም። ለአባወራው፣ ለታላቁ፣ ለታናሹ፣ ለሚስጥር ሰው፣ በበር በኩል ለሚቀመጠው ለያንዳንዱ የተለየ ቦታ አለው። እንግዳ ገብቶ የት እንደሚቀመጥ የሚነግረው ግንበኛው ነው ማለት ይቻላል። በግድግዳው ውስጥ ለመጽሐፍና ለዕቃ የተተዉ መስኮት መሰል ጎድጓዳዎች ይታያሉ፤ በላዩም በሴቶች እጅ የተሰፉ ስፌቶች ተደርድረው ይሰቀላሉ። በ1887 ከተማዋ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ መንግሥት ከገባች በኋላ የመጡት የሕንድ ነጋዴዎች ደግሞ ባለ ሰገነትና ባለ ፎቅ ቤት ጨምረውባታል፤ ጐብኚው አስቀድሞ የሚጠይቀው በፈረንሳዊው ባለቅኔ በራምቦ ስም የሚጠራው ቤት የሕንድ ነጋዴ ያሠራው ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። የሐረር ውበት በአደባባይ የለም፤ ያለው በሰው ጓዳ ውስጥ ነው። ግንቡን አጥሮ ቲኬት መቍረጥ አይቻልም። ጐብኚው ዋናውን ነገር የሚያየው የቤቱ እናት በሩን ከከፈተችለት ብቻ ነው። ጫማውን አውልቆ ይገባል፤ ቡና ይቀርብለታል፤ ዙሪያውን ይመለከታል፤ ያመሰግናል፤ ይወጣል። ከዚህ በኋላ ብሩን እንከተለው። አውሮፕላኑ ተከፍሎታል፤ መኪናው ተከፍሎታል፤ ሆቴሉ ተከፍሎታል፤ አስጐብኚው ተከፍሎታል። ለቤቱ እናት ስንት እንደሚደርሳት የሚወስነው ግን ደንብ ሳይሆን የጐብኚው ይሉኝታ ነው። ከተማዋ በቤትዋ ምክንያት የዓለም ቅርስ ተባለች፤ ለእርስዋ ግን ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ሆነባት።

ወጪው ደግሞ ሁሉ የእርስዋ ነው። የጭቃና የድንጋይ ግድግዳ ጥገና ይፈልጋል፤ የሚያውቀው ግንበኛ እየቀነሰ፣ የእጁ ዋጋም እየጨመረ ነው። ሲሚንቶ ግን በየሱቁ ይገኛል፤ አንድ ጊዜ ተለስኖ ለዓመታት ይረሳል። ስለዚህ ልጅዋ ከደመወዙ ቆጥቦ ሁለት ከረጢት ሲሚንቶ ይገዛላትና እናቴን አሳረፍኋት ይላል። እኛም ብንሆን ይህንኑ እናደርግ ነበር። ነገር ግን በጎንደር ያየነው እዚህም ይደርሳል፤ ግድግዳው አፉ ተዘግቶ ከውስጥ ይረጥባል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ልስኑ በሙሉ እየተነሣ ይወድቃል። ጠፍጣፋው የአፈር ጣራ በቆርቆሮ የተለወጠውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ በክፋት ሳይሆን በችግር።

በዚህ ላይ የባለቤትነት ነገር ይጨመራል። በ1975 ትርፍ የከተማ ቤቶች የመንግሥት እንዲሆኑ በታወጀ ጊዜ የተወረሱ ቤቶች ኋላ የቀበሌ ቤት ተባሉ፤ በጁገል ውስጥም እንዲህ ያሉ ቤቶች አሉ። ተከራዩ የእኔ አይደለም ብሎ አይለስንም፤ ቀበሌው ከትንሿ ኪራይ ላይ ምን አገኛለሁ ብሎ አይለስንም፤ ዝናቡ ግን የማነው ብሎ አይጠይቅም። በሕጉም በኩል ስናይ በ2000 የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቍጥር 209 ቅርስ በእጁ ያለ ሰው በራሱ ወጪ እንዲጠብቀው፣ ያለ ፈቃድም እንዳይጠግነው ደነገገ። ወጪው ከዐቅሙ በላይ ሲሆን ግን መንግሥት ከፊሉን ሊሸፍን ይችላል አለ። የሕግ ተማሪዎች ጓደኞቻችን የቃሉን ልዩነት ያውቁታል፤ ግዴታው «አለበት» ተብሎ ተጻፈ፣ ርዳታው «ይችላል» ተብሎ ተጻፈ።

አንዳንድ የሐረር ቤተሰቦች ለዚህ ችግር በራሳቸው መላ መፍትሔ አግኝተዋል። ቤታቸውን ሳይለውጡ ለእንግዳ ማደሪያ ከፍተው፣ ራሳቸውም በዚያው እየኖሩ፣ ጐብኚው ለመኝታው የሚከፍለውን ለልስኑ ያውሉታል። እዚህ ላይ ሦስቱ ሰዎች ተገናኙ ማለት ነው፤ የሚያየው ለሚለስነው በቀጥታ ከፈለ። ይህ የሚመሰገን ነው። ሆኖም መድኃኒት ሲበዛ መርዝ ይሆናል። ቤቱ ሁሉ የእንግዳ ማደሪያ ከሆነ፣ ባለቤቱ ከጁገል ውጭ ቤት ሠርቶ ከወጣ፣ ነደባው ላይ የሚቀመጥበት አባወራ ከሌለ፣ የቀረው መደብ ብቻ ነው።

የዚህን መንገድ መጨረሻ ለማየት ከአገራችን ጥቂት ወጣ ብለን የኢጣልያይቱን ቬኒስን እንመልከት። በቬኒስ ገንዘብ አልጠፋም፤ ሊቃውንትም አልጠፉም፤ ጐብኚውማ ከልክ ያለፈ ነው። በ1951 በጥንታዊው ከተማ 175,000 የሚያህል ሰው ይኖርበት ነበር፤ ከ2022 ወዲህ ግን ከ50,000 በታች ሆኗል። የቤት ኪራይ ሰማይ ወጣ፤ ዳቦ ቤቱ የጭንብል መሸጫ ሆነ፤ ልጅ የወለደ ሁሉ ወደ ሜዳው ምድር ተሻገረ። በ2021 ትላልቆቹ መርከቦች ከመሀል ከተማው ቦይ ተከለከሉ፤ በ2024 ደግሞ ለአንድ ቀን የሚመጣ ጐብኚ በተወሰኑ ቀኖች 5 ዩሮ እንዲከፍል ተደረገ። ከተማዋ እንደ ቴአትር ቤት በር ላይ ማስከፈል ጀመረች ማለት ነው። በሐረር ሕንፃው በገንዘብ ማጣት ይጐዳል፤ በቬኒስ ሰዉ በገንዘብ ብዛት ይሰደዳል። ሁለቱንም ያገናኘው ምክንያት አንድ ነው፤ በዕቅዱ ውስጥ ነዋሪው አልተቈጠረም።

አንዳንድ ጓደኞቻችን በዚህ ላይ ሁለት መቃወሚያ ሊያነሡ ይችላሉ። የመጀመሪያው፣ አገራችን ድሀ ናት፤ ሕክምናና ትምህርት ሳይሟላ ለአሮጌ ግድግዳ ገንዘብ ማፍሰስ ቅንጦት ነው የሚል ነው። እኛ ግን ከሕክምናው ቀንሱ አላልንም። የምንለው ግድግዳው ካመጣው ብር ለግድግዳው ይመለስለት ነው። ላም ታልቦ ሣር የሚነፍጋት ገበሬ የለም። ሁለተኛው መቃወሚያ፣ ሰውን በአሮጌ ቤት ኑር ብሎ ማስገደድ ጭካኔ ነው፤ እርሱም ውሃና መብራት፣ ንጹሕ ወጥ ቤትና መጸዳጃ ይሻል የሚል ነው። ይህ እውነት ነው፤ እኛም የምንለው ይህንኑ ነው። በአሮጌ ቤት ውስጥ የውሃ ቧንቧ ማስገባት የሕንፃ ጥበብን አያፈርስም። የሚያፈርሰው ሰው በውሃ ማጣት ቤቱን ዘግቶ ሲወጣ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ለመነጋገሪያ እንዲሆን አራት ነገር እናቀርባለን።

1ኛ፤ በጥንታዊት ከተማ ከሚቈረጠው ከያንዳንዱ ቲኬትና ከሚከራየው ከያንዳንዱ አልጋ አስቀድሞ የታወቀ ድርሻ ለጥገና ይቀመጥ። የኖራ ሣጥን እንበለው። ርዳታው በብር ሳይሆን በኖራ፣ በእንጨትና በግንበኛ ቀን ይሰጥ፤ ለማን ምን እንደ ተሰጠም በየበሩ በግልጽ ይለጠፍ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንዲሉ፣ ዛሬ አንዲት እናት ብቻዋን የተሸከመችው ለሁሉ ቢከፋፈል ጌጥ ይሆናል።

2ኛ፤ ግንበኛ ይተካ። በሚጠገነው ቤት ሁሉ ከአሮጌው ግንበኛ ጋር አንድ ወጣት ተከፍሎት ይማር። በትምህርት ቤቶቻችንም ኮንክሪት እንዴት እንደሚሰላ እንደምንማር ሁሉ፣ ኖራ እንዴት እንደሚቃጠልና እንደሚበርድ፣ ጭቃ እንዴት እንደሚቦካ የሚያስተምር ኮርስ ይታሰብልን ብለን መምህራኖቻችንን በአክብሮት እንለምናለን። ይህን ዕውቀት የያዙት ሽማግሌዎች ዲፕሎማ የላቸውም፤ እኛ ዲፕሎማ ያለን ደግሞ ዕውቀቱ የለንም።

3ኛ፤ ጎረቤትን ከማንሣት በፊት ቦዩ ይቆፈር፣ መጸዳጃው ይሠራ። ማንሣት ግድ ቢሆን እንኳ ውሳኔው ከመድረሱ በፊት ነዋሪው ይጠየቅ፤ የሚሰጠውም ቦታ የደወሉ ወይም የአዛኑ ድምፅ ከሚሰማበት አይራቅ።

4ኛው የእኛ የተማሪዎቹ ነው። በ1964 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከትምህርታቸው አንድ ዓመት ወስደው በየጠቅላይ ግዛቱ የሚያገለግሉበት ደንብ ወጥቶ ነበር። ያ ደንብ ዛሬ የለም፤ ለመሄድ ግን ደንብ አያስፈልገንም። በሚመጣው ክረምት ወደየአገራችን ስንገባ እያንዳንዳችን አንድ አሮጌ ቤት እንያዝ። ምሕንድስና የሚማረው ቤቱን ለክቶ ይንደፈው። ቋንቋ የሚማረው የያንዳንዱን ክፍልና የያንዳንዱን መሣሪያ ስም ከሽማግሌ ጠይቆ ይጻፈው። ኤኮኖሚ የሚማረው ከጐብኚው ኪስ የወጣውን አንድ ብር እስከ መጨረሻው ይከተለው። ሕግ የሚማረው ቤቱ የማን እንደ ሆነ ይመርምር። ሁላችንም አንድ ጥያቄ አንርሳ፤ ይህ ቤት ባለፈው ዓመት ስንት ብር ፈጀ፣ ማንስ ከፈለው? ከየአገሩ የሚመጣው መልስ በዚህ ጋዜጣ ላይ ቢታተም፣ ከምስጋናውና ከሒሳቡ ንግግር መካከል የጐደለው ገጽ ተጻፈ ማለት ነው።

ክቡራንና ክቡራት፤ እኛ ጐብኚን የምንጠላ አይደለንም። እንግዳ መቀበል የአባቶቻችን ልማድ ነው፤ ሩቅ አገር አቋርጦ ቤታችንን ሊያይ የመጣ ሰው አክብሮናልና እናከብረዋለን። ነገር ግን እንግዳን የሚቀበል ባለቤት ነው። ባለቤት የሌለበትን ቤት የሚያይ ሰው እንግዳ አይባልም፤ ፍርስራሽ ተመልካች ነው። ጐብኚው እንግዳ ሆኖ እንዲቀጥል ባለቤቱ በቤቱ ይቈይ፤ ባለቤቱ በቤቱ እንዲቈይ ኖራው ይገዛለት።

 ጥያቄና መቃወሚያ ያለው ሁሉ ይነሣ፤ መድረኩ የእናንተ ነው።